የኔታ የሰሙት የመኪናዬ ድምፅ

ንፋስ መውጫ ተመድቤ ስመጣ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ እኔ የጤና መሥሪያ ቤት ሾፌር። ያደግሁት ቆላ በመሆኑ የአገሩ ብርድ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሰዉ ሰላም ይለኛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ወደየቤቱ ይገባል። እኔ ወደ መኪናዋ እሄዳለሁ። ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ ሰበብ ፈልጌ መስተዋቷን ስወለውል እውል ነበር።

ኅዳር ላይ ማሞቂያዋ ቀዝቃዛ አየር መንፋት ጀመረ። አልነካሁትም። ጋቢዬን ደርቤ እነዳለሁ። የሚሞቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማን ብዬ ልሥራው?

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ የታመሙ የዜማ መምህር ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንዳደርስ ታዘዝኩ። መኪና ከማይገባበት ከቤተ ልሔም ደብር በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር አድርሰዋቸዋል። ዐይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው፤ ደረታቸውን ያማቸዋል። እሳቸውን ከፊት፣ ባለቤታቸውን ከኋላ አስቀምጬ ተነሣሁ። የገብሱ ማሳ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም።

ብዙም ሳንሄድ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ማሞቂያውን ብከፍተው ባሰባቸው። ዘጋሁትና ጋቢዬን አውልቄ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረግሁ። አፈርኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከፊቴ ውሃ ይንቦጫረቃል። ወንዝ ላይ ነን?»

«ወንዝ የለም፣ የኔታ።»

«እዚሁ መኪናህ ውስጥ ነዋ። ዳገት ስንወጣ ይበረታል፤ ስንወርድ ዝም ይላል።»

ጆሮዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ እውነታቸውን ነው። ወር ሙሉ አብሮኝ ሲጓዝ ልብ ያላልኩት ድምፅ ነበር። ከሞተሩ ወደ ማሞቂያው በሚሄደው ሙቅ ውሃ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው።

መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ አቆምኩና ኮፈኗን ከፈትኩ። ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ነካሁ፤ አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው በረዶ ነው። ውሃው አይዞርም። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ የራዲያተሩን ክዳን ስከፍት ውሃው ጎድሏል። ባለቤታቸው ለመንገድ የያዙትን ቅል ውሃ አቀበሉኝ። ሞላሁት። ሞተሩን አስነሥቼ የላይኛውን ቱቦ ማሰሪያ በካቻቢቴ ላላ አደረግሁ። እያፏጨ አየር ተፋ፣ ተንፈቀፈቀ፤ ኋላ ውሃ ብቻ ሲወርድ አጠበቅሁት። የጎደለውን ጨምሬ ዘጋሁ።

ትንሽ እንደሄድን ሙቀቱ መጣ። የኔታ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘርግተው ተቀበሉት።

«እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ወር አለፈው፣ የኔታ።»

«የነገረህ የለም?»

«አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለም።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ስለ አገሬ፣ ስለ እናቴ፣ ምን እንደምበላ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታሉ ተቀበላቸው። ስመለስ መኪናዋ ሞቃለች፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ከብርዱ ይልቅ ያ ከበደኝ።

ድነው ሲወጡ እኔ ወገዳ ከተማ ለሥራ ተልኬ ስለነበር ሌላ መኪና ወሰዳቸው። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ፋሲካም አለፈ። በግንቦት ማረፋቸውን ሰማሁ።

በማግስቱ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁሜ በእግሬ ቤተ ልሔም ሄድኩ። ባለቤታቸው አወቁኝ።

«ያ ሾፌር ብቻውን ነው፣ ሰው ልካችሁ ጥሩልኝ ይሉ ነበር፣» አሉኝ። «የሚላክ ሰው አጣሁ።»

 አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።