ጫማውን ሳያወልቅ የወረደ

«ውረድ ውረድ ውኃ በጨለማ መንገድ…»

ባርካ ከዚህ አልፎ አያውቅም። ሁለተኛው ስንኝ ጀርመን አገር በኖረባቸው ዘጠኝ ዓመታት ከበረዶው ጋር ቀልጦ ቀርቷል። በዚያ ዝናብ በማይለየው ከተማ አምስቱን ዓመት ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ሲማር፣ አራቱን ደግሞ በጉድጓድ ቁፋሮ ድርጅት ሲሠራ፣ ብቻውን በሆነ ቁጥር ያችኑ ግማሽ ዜማ ያንጎራጉራት ነበር። ዛሬም ከበረሃ ከተማዋ ከቲሚሙን ወዲህ ባለው የአሸዋ አገር፣ በተወለደባት መንደር ዳር ተቀምጦ የቦት ጫማውን ክር እያጠበቀ ያንጎራጉራታል።

ዕለቱ ፎጋራው የሚጠረግበት ነበር። ፎጋራ አያት ቅድመ አያቶች በመሬት ሆድ የሰረሰሩት የውኃ መንገድ ነው፤ እሱ ከደረቀ ተምሩም የለ፣ ሰውም የለ። ወንዶቹ በዓመት አንድ ጊዜ በላዩ በየርቀቱ በተቆፈሩት ጉድጓዶች አፍ ወርደው አሸዋውን ያወጣሉ። የሚወርድ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ከአፉ ዳር ይተዋል፤ ሲወጣ ያነሣል። ዳር ላይ ጫማ ካልቀረ፣ ውስጥም ሰው አልቀረም ማለት ነው፤ ጉድጓዱ በድንጋይ ይከደናል። ቆጣሪው አጎቱ ፈራጂ ነው። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ጫማዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚቆጥረው።

«ኧረ ይኼን የታንክ ጎማ አውልቅ» አለው የአክስቱ ልጅ በልኸይር። «ውኃው የሚያውቀው እግር ነው።»

«ስለታም ድንጋይ አለ። ሥራ ላይ ባዶ እግር ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«ደንቡ።»

«እንግዲያ ደንቡ ይቁጠርህ» ብሎ በልኸይር እየሳቀ ወረደ።

ባርካም ቦቱን እንደተጫማ ተከተለው።

ቀትር ላይ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ወደ አንድ ጠባብ ቅርንጫፍ ተስቦ ገብቶ የውኃውን ፍጥነት ይለካ ነበር። ቁጥሩን ጽፎ ወደ ጉድጓዱ ሥር ሲመለስ፣ ከላይ የሚወርደው ብርሃን እንደ ጨረቃ እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄደ። ከዚያ ድንጋዩ በድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ጮኸ። ድምፁን መሬቱ ዋጠው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። እዚያ ጀርመን አገር፣ በምሳ ሰዓት፣ የሥራ ጓደኞቹን የሚያስቅበት ወግ ነበረው። «እኛ ዘንድ ሰው የሚቆጠረው በጫማው ነው» ይላቸው ነበር። «ከቆጠራው በኋላ ከጉድጓድ የወጣውን ደግሞ ሰው አንለውም፤ ሰላምም አንለው። መጀመሪያ በፊታችን ይብላ። ጅን ጨው አይቀምስማ።» ሳቃቸው ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ራሱ ነበር።

ውኃው ወደ መንደሩ አትክልት ቦታ እንደሚወጣ ያውቃል። በዳዴ አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። የራስ መብራቱ እየደከመ፣ ውኃው ክርኑን እያቀዘቀዘው ሄደ። ፍርሃቱን ለማባበል ዜማውን አነሣ።

«ውረድ ውረድ ውኃ በጨለማ መንገድ…»

ዋሻው መለሰለት። መልሶም አላቆመም።

«ላይ ሆኖ ሚጠብቅ አለልህ ወይ ዘመድ?»

ባርካ ባለበት ደረቀ። ድምፁ የእሱ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ነው እንዳይልም የራሱን ይመስላል። ማሚቶ የሰጡትን ይመልሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም፤ ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቶበታል። ከኋላው ውኃው፣ ባዶ እግር እንደሚረግጠው ሁሉ፣ ቀስ ብሎ ጨብ ጨብ አለ። ዞሮ አላየም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁሉንም ነገር ዞሮ ማየት የተማረ ሰው፣ ዞሮ አላየም።

በአትክልቱ ቦታ በኩል ሲወጣ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጥፍሩ በነጭ ጭቃ ተለስኖ ነበር። ሰዎቹ በተምሩ ጥላ ሥር የኩስኩሱን ገበታ ከበዋል። የሁሉም እጅ በየተዘረጋበት ቀረ። እናቱ ዙሌይኻ ከማሰሮው አጠገብ ቆማ አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ወደ እሱ ግን አልተራመደችም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ፈራጂ ፊቱን ወደ ድምፁ አቀና።

«ጫማው አሥራ አንድ ነበር። አሥራ አንዱም ተነሥቷል።»

«እኔ እኮ አላወለቅሁም፣ አጎቴ።»

«ከዚያ የሚወጣ ሁሉ ምክንያት አያጣም።»

«በላይኛው ጉድጓድ የወጣ መስሎኝ…» ብሎ በልኸይር ሊናገር ሲል፣ ሽማግሌው እጁን አነሣበት።

ባርካ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። በሰው አገር በየመስኮቱ ወረቀት እያሳየ ስንት ጊዜ ማንነቱን አስመስክሯል፤ ዲፕሎማው፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ፎቶግራፉ። እዚህ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የባሰው ደግሞ፣ እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልመሰለውም። ከዚያ ዋሻ የወጣው ማን ነው? ወጥቷልስ ወይ? ራሱም ለማወቅ ጓጓ።

እናቱ ጨው በጣቷ ቆንጥራ በገበታው አንድ ጥግ ነሰነሰች፤ ደግማም ቆነጠረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ልጄ ከሆንክ ና፣ ቁጭ በል። ካልሆንክም አልከፋብህም፤ ጨው አለበትና በሰላም ሂድ።»

ሰዎቹ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁለት። ነፋሱ እንኳ ከተምሩ ዝንጣፊ ላይ ወርዶ የሚያዳምጥ ይመስላል። ጣዕም ቢያጣበትስ? በአፉ ውስጥ አሸዋ ብቻ ቢሆንበትስ?

ባርካ ቁጭ አለ። እፍኝ ጠቅልሎ ጎረሰ።

ጨዉ ምላሱን ፈጀው። እንባው እየወረደ፣ ሁሉም አፍ አፉን እያዩት፣ ሌላ ጉርሻ አነሣ።