የፑኤብላው ሠርግና ከደሴ የመጣው ደብዳቤ

ዘይኑዲን ሜልበርን ከገባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያራቪል ሰፈር ቆዳ ፋብሪካ ይሠራል፤ ቤቱ ኬንሲንግተን ነው፣ ከመንግሥት ፎቆች ባንዱ። ሜክሲኳዊቷን ማሪሶልን ያገኛት እንግሊዝኛ ሲማር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሊጋቡ ተስማሙ።

«አባቴ ቤት መጥተህ ካልጠየቅኸኝ አይሆንም» አለችው።

«ወሎም እንዲሁ ነው» ብሎ ሳቀ። «ሽማግሌ ከየት ላምጣ?»

«አንተው ና።»

ሠርጉ በእሷ አገር፣ ፑኤብላ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ለዲሴምበር ተቆረጠ። አክስቷና ባሏ የተንበረከኩትን ሙሽሮች ትከሻ አንድ ላይ የሚያስሩበትን ረጅም መቁጠሪያ ሊገዙ ቃል ገቡ። ሙሽራው አሥራ ሦስት ሳንቲም በሙሽሪት መዳፍ ያፈሳል። ማሪሶል በካፖርቷ ቀበቶ እሱንና ራሷን አስራ አሳየችው።

«እኔ አልንበረከክም» አላት።

«ቆመን ያስሩናል፤ ቄሱን ጠይቄዋለሁ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ግን የማዘጋጃ ቤቱ ጋብቻ አለ። እዚያ የውጭ አገር ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ይጠየቃል። ዘይኑዲን ደሴ ላለው ወንድሙ ለሙእሚን ጻፈ። መልሱ ኦክቶበር ላይ መጣ።

«ቀበሌው ያላገባ ብዬ አልጽፍም አለ። ፈጡማ አለች እኮ! እናታችን ዘንድ ሆና ዛሬም ትጠብቅሃለች።»

ዘይኑዲን ደብዳቤውን ደግሞ አነበበው። ሃያ አንድ ዓመቱ ላይ ቤተሰቦቹ ከፈጡማ ጋር ኒካህ አስረውለት፣ ሠርጉ ሳይደርስ ለውትድርና ሲታፈስ ነበር ወደ ሱዳን የሸሸው። ከካርቱም በአንድ ነጋዴ በኩል «ፈትቻታለሁ፣ ታግባ» ብሎ ልኮ ነበር። ነጋዴው ደሴ ይድረስ አይድረስ አላጣራም። ይኸው አሥር ዓመት።

ሙእሚን ፈጡማን ቴሌ ይዟት ሄዶ በስልክ አገናኛቸው።

«መልእክቴ አልደረሰሽም?» አላት።

«የምን መልእክት?»

ነገራት።

«ሦስት ሰው ጠይቆኝ ነበር» አለች። «ባል አለኝ እያልኩ መለስኳቸው። አሁን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ዘይኑዲን።»

«አውፍ በይኝ።»

«ፍታኝ። ግን በወረቀት ይሁን፤ በሰው አፍ እንዳትልክብኝ።»

ለማሪሶል አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ትጮሃለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልጮኸችም።

«እሷ እዚያ ስትጠብቅህ እኛ ስለ ሳንቲም እናወራ ነበር» አለችው።

የደሴው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ፍቺውን እስኪያጸድቅ ወራት ፈጀ። ዲሴምበር አለፈ፤ የማሪሶል ቪዛም ጃንዋሪ ላይ ሊያልቅ ሆነ። ዘይኑዲን ኢሚግሬሽን ተመላለሰ፣ የማያውቃቸውን ጠበቆች ደጅ ጠና። የፍቺው ወረቀት ሳይመጣ ሜልበርንም ማግባት እንደማይችል ነገሩት። ኤርፖርት ሲሸኛት እጇን አልለቅ አለ።

«ጠብቂኝ በቃ!»

«ያንን ቃል አትበለኝ» አለችው።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ሜይ ላይ ደረሰው። ያንኑ ቀን ፑኤብላ ደወለ። አባቷ አንስተው ረጋ ብለው የማይገባውን ስፓኒሽ ተናገሩና ዘጉት። ደጋግሞ ደወለ፤ እሷን አላገኛትም። ኋላ አጭር ደብዳቤ ጻፈችለት፦ «አልተናደድኩብህም። ግን ካንተ ጋር በአንድ ገመድ መታሰር ፈራሁ።»

ፈጡማ በዓመቱ አንድ ልብስ ሰፊ አገባች። ሙእሚን የሠርጓን ፎቶ ልኮለት ዘይኑዲን ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ቆሞ አየው፤ ስቃለች። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ፑኤብላን ሳያያት ቀረ።