በእህቱ ማሳ ግርጌ ያለፈው ገመድ

ሰውዬው ድምፁ የሚሰማው በዓመት አንድ ወር ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ ሰላምታ እንኳ ሲመልስ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ከሰው ጀርባ ይሸጎጣል። የእርከን ሥራ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለት ሰዎች እኩል ቁመት ያላቸው እንጨቶች ይዘው ገመድ ይወጥራሉ፤ ገመዱ መሃል ላይ አረፋ ያለባት ትንሽ የውሃ ብልቃጥ ትንጠለጠላለች። እሱ አረፋዋን እያየ "ከፍ! ከፍ! ዝቅ! ልክ ነው!" ሲል ተራራው ይቀበለዋል። ስሙን ትተው "ውሃ ልክ" የሚሉትም ለዚህ ነው። "ሚስቱንም ከፍ ዝቅ አድርጎ ለክቶ ነው ያገባት" እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል፤ ሚስቱም ትስቃለች።

ፊደል በደንብ አይለይም። ፈርም ሲሉት አውራ ጣቱን ያቀርባል። አረፋዋን ግን ያነባታል። አረፋዋ መሃል ከቆመች መሬቱ እኩል ነው፤ በዚያ መስመር ድንጋይ ከተካበ ውሃው የትም አይሮጥም፣ ባለበት ተኝቶ ይሰርጋል። የግብርና ባለሙያዋ ይህን ያስተማረችው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። "ጋሼ፣ የእርስዎ ዓይን አይዋሽም" ብላ ብልቃጧን በእጁ ሰጥታው ሄደች። ከዚያ በፊት ሰው አምኖ ምንም ነገር ሰጥቶት አያውቅም። በመሃረብ ጠቅልሎ ራስጌው ያስቀምጣት ጀመር።

ብልቃጧን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ገመዱ ታላቅ እህቱ ማሳ ደረሰ። እህቱ ባሏ ሞቶባታል። ያላት ያቺ ባቄላ የምትዘራባት ጠባብ ማሳ ናት፤ መስመሩ ደግሞ መሃል ለመሃል ሊሰነጥቃት ሆነ። እርከን ቦታ ይበላል።

መጥታ ክንዱን ያዘችው።

"ወንድምዓለም፣ በዚህ ካለፈ ምኑ ላይ ዘርቼ ምን ልበላ ነው?"

"እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ አረፋዋ ናት እኮ..."

"አረፋዋ ናት ያሳደገችህ?"

እናታቸው ሲሞቱ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

"አፈር ስሆን። ወደ ግርጌው ዝቅ አድርግልኝ፣ አምስት እርምጃ ብቻ።"

እንጨት የያዙት ሁለቱ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ኧረ ውሃ ልክ!" አለ ረጅሙ። "ፀሐዩ አናቴን በሳው፤ ከፍ ነው ዝቅ?"

"አንተ ዘንድማ ፀሐዩ ቀድሞ ይደርሳል" አለ አጭሩ።

ውሃ ልክ "ዝቅ" አለ። "ዝቅ... ዝቅ።" ረጅሙ ቁልቁል ወረደ። ገመዱ ከማሳው ግርጌ ሲደርስ አረፋዋ ወደ አንድ ጥግ ሸሽታ ተለጠፈች። እያያት "ልክ ነው" አለ። ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ እሱ ልክ ነው ካለ ልክ ነዋ። ማሳዋን ሲያልፉ መስመሩን ከፍ እያደረገ ወደ ቦታው መለሰው።

የመጀመሪያው ክረምት ደህና አለፈ። ባቄላው እንዲያውም እርጥበት አግኝቶ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

"አየህ? አንተና አረፋህ!" አለችው እህቱ።

እሱንም አሳቀው። ውሃ ሲወስድ ደግሞ አሳስቆ ነው።

በሁለተኛው ክረምት ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ከግራም ከቀኝም እርከኑን ተከትሎ የመጣው ውሃ ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ፣ እህቱ ማሳ ውስጥ ተጠራቀመ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ካቡ ተደረመሰ። ውሃ ልክ ሮጦ ሲደርስ ባቄላው ከነአፈሩ እየሄደ ነበር። እህቱ ጭቃ ውስጥ ቆማ አንድ እፍኝ አፈር ይዛለች፤ አፈሩም በጣቶቿ መሃል ይፈሳል።

ጎርፍ የሚቆፍረው ቦረቦር ከጀመረ መሬቱን ወደ ላይ ነው የሚበላው። ውሃ ልክ ብቻውን ድንጋይ ተሸክሞ ክትር ሠራ፤ ጎርፉ ወሰደው። ደግሞ ሠራ፤ ደግሞ ወሰደው። ክረምቱ ሲወጣ ከማሳው የቀረው አንድ አልጋ የማያስዘረጋ ቁራጭ ነው።

ባለሙያዋ መጥታ ሰው ሰበሰበች። "ምናልባት ልኩ ተዛንፎ ይሆን?" ብላ ጠየቀች።

ረጅሙ ተቆጣ። "የሱ ልክ? እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እምላለሁ! ዝናቡ ነው ቂመኛው።"

ውሃ ልክ ከሰው ጀርባ ሆኖ ሊነሳ መሬቱን ተደገፈ። ግን መልሶ አንገቱን ደፋ። ስብሰባው ተበተነ።

እህቱ ጓዟን ጠቅልላ ባል ያገባች ልጇ ዘንድ፣ የሰው ቤት ጥገኛ ልትሆን ተነሳች። ውሃ ልክ ደጃፏ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ለሰው ልናገር?"

"ምን ብለህ?"

"እያየሁ ነው ያጣመምኩት ብዬ።"

"ያልኩህ እኔ። ብትናገር አፈሩ ይመለሳል?" ለዘር ያስቀረችውን ባቄላ በቆርቆሮ አስያዘችው። "ይህንን ውሰድ፤ እኔ የምዘራበት የለኝም።"

በበጋው የእርከን ሥራ ሲመጣ ዓይኔ ደክሟል ብሎ ብልቃጧን ለአጭሩ ሰጠ። ራሱ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። አንድ ቀን ከወዲያኛው ተዳፋት የአጭሩ ድምፅ መጣ።

"ከፍ! ዝቅ! ዝቅ! ልክ ነው!"

ከገመዱ ሥር የማን ማሳ እንዳለ ከዚህ አይታይም። ተነሳ። "አረፋዋን አየሃት?" ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ድምፁ አልወጣም። ከወዲያ ድንጋዩን መካብ ጀመሩ።