ለቦራ የተበጠበጠው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት ተማሪዬ መለኪያውን ስትሞላ መስመሩ ላይ ደርሳ አልቆመችም፤ ጠብ ጠብ አድርጋ አሳለፈችው። «ምነው?» ብላት «ትንሽ ለምርቃት ብዬ ነው» አለችኝ። ልቆጣ የከፈትኩት አፌ ሳቅ አመለጠው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፤ ያቺ ጠብታ ግን አምበር ከተማ አጠገብ ወዳለው የልጅነት ግቢያችን መለሰችኝ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ግንቦት ሊያልቅ ነው፤ ዝናቡ ጀማምሯል፣ እርሻው ደርሷል። በዚያ ላይ የአባቴን ሁለት በሬዎች መዥገር ወረራቸው። ይበልጥ የተጎዳው ቦራ ነበር፣ ያ ግንባረ ነጩ፤ አባቴ ከእኛ ከልጆቹ እኩል የሚያቆላምጠው። የእንስሳት ሐኪሙ መቶ ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ብልቃጥ ሰጠውና «ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ሚሊ ሊትር። ከዚህ ከበዛ በሬህን ይጥልብሃል» ብሎ አስጠነቀቀው። አባቴ ብልቃጧን ለእኔ አቀበለኝ።

«የተማርሽው ለዚህ ቀን ነው» አለ።

ኩራቴን አትጠይቁኝ። ገንዳው ላይ ሃያ ሊትር ውሃ ገለበጥኩ፤ ከመምህሬ በተዋስኩት ስሪንጅ አርባ ሚሊ ሊትር ለክቼ ጨመርኩ። ውሃው ወተት መሰለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስሪንጁን ላለቀልቅ ዞር ስል ከኋላዬ ሲንቆረቆር ሰማሁ።

«አባዬ! ምን አደረግክ?»

«ምርቃት ነዋ! ያለ ምርቃት የተሰፈረ ምን በረከት አለው?»

በእኛ አገር እህል የሚሰፍር ሰው ቁናውን ሞልቶ ብቻ አይሰጥም፤ ከላይ እፍኝ ይጨምራል። አባቴ ደግሞ በእፍኙ ትልቅነት ገበያው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነበር። ለሚወደው በሬ እንዴት ይሰስት?

እንዳልደፋው ብልቃጧ ውስጥ የቀረው ለሁለት በሬ አይበቃም፤ ሌላ ብልቃጥም የለም። ያን ጊዜ የመምህሬ ድምፅ መጣልኝ፤ ዛሬም ውለታው አለብኝ። «ውሃ ብትጨምሩ መድኃኒቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው ቅጥነቱ ነው» ይለን ነበር። ብልቃጧ ውስጥ የቀረውን በስሪንጅ ለካሁ፤ ሠላሳ። እንግዲያው ገንዳው ውስጥ ያለው ሰባ ነው። ለሰባ ሚሊ ሊትር ሠላሳ አምስት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። በእንጨት መሬት ላይ ሦስት ጊዜ አሰላሁት።

«አሥራ አምስት ሊትር ውሃ ይጨመርበት» አልኩ።

«ቅራሪ ልታደርጊው ነው? መዥገሩ ሊስቅብን ነው እኮ!»

«አባዬ፣ በዚህ ልክ ብቻ ነው ቦራ የሚተርፈው።»

ድምፄ ሊያለቅስ ዳድቶታል። አባቴ ጀሪካኑን አመጣልኝ፤ በጣሳ እየለካሁ አቀበልኩት፣ እየተቀበለ ገለበጠ። «በቃ» ስለው ቆመ። አንዲት ጠብታ አልጨመረም። እጁን በላስቲክ ጠቅልሎ መጀመሪያ ያጠበው ቦራን ነበር።

እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጥን። ቦራ ጆሮውን አራገበ፣ ሣሩን ጋጠ። በሦስተኛው ቀን መዥገሩ ረገፈ፤ በሳምንቱ ቀንበር ተሸከመ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መምህር ሆኜ ስመለስ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ያን ቀን በሂሳቤ አምነህ ነበር?»

«ኧረ የት አምኜ! ቦራ ሞተ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ሰማኸኝ?»

«በሬ ይተካል» አለ። «አንቺ ግን ያን ቀን ባልሰማሁሽ ኖሮ፣ ዳግመኛ ሰው ፊት አፍሽን ሞልተሽ አትናገሪም ነበር።»

ይኸው ዛሬ አፌን ሞልቼ ስናገር እውላለሁ፤ ሃምሳ ተማሪ ያዳምጠኛል። አባቴ ካረፈ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። ያን ሲነግረኝ ከት ብዬ ሳቅኩ እንጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም።