አምስቱ ነጭ ሽቦዎች

አባባን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የቀረችላቸው ቃል አንዲት ነበረች፤ «አይደለም»። ሲርባቸውም አይደለም፣ ሲጠግቡም አይደለም። ፀሐይ ላይ ላውጣዎት ስላቸው «አይደለም» ብለው ራሳቸው ቀድመውኝ ወደ በሩ ይሄዳሉ። ሐኪሙ «ሊሉ የፈለጉት ሌላ ነው፤ አፋቸው ላይ የተረፈችው ግን ይቺ ናት፤ ታገሷቸው» አለን። ለእሱ ምን አለበት፤ ውሎው ሌላ ቦታ ነው።

አባባ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት እዚሁ አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወዳጃቸው ሐጂ ናቸው፤ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው። ሐጂ የከሰዓቱን የዐስር ሰላት ሰግደው ሱቁን ለልጃቸው ትተው ይመጡና ሁለቱ በረንዳ ላይ ወሬ ይሰልቁ ነበር። ስለ ኳስ፣ ስለ ፋብሪካው አለቆች፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ። ሕመሙ የአባባን አንደበት ሲወስደው ሐጂ መጀመሪያ ብቻቸውን አወሩ። ግን ሰው ብቻውን እስከ መቼ ያወራል? ሻዩን ፉት እያሉ ግድግዳ ማየት ጀመሩ።

ያዳነን ጌም ነው። ወንድሜ ልጅ ሳለ የሚጫወትበት፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ አሮጌ ማሽን ነበረን፤ ካሴት የሚጎርስ፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው። አንድ ቀን ዝም ብዬ ከፈትኩላቸው። የኳስ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾቹ ድንች ያክላሉ፣ ኳሷም ክብ አይደለችም። አባባ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በግራ አውራ ጣታቸው ተጫዋቹን ይነዳሉ፣ አልታዘዝ ባለው በቀኝ እጃቸው አንጓ ደግሞ መምቻውን ይደቁሳሉ። ሐጂ ሌላኛውን ይዘው ከዳኛው ጋር ይጣላሉ፤ ዳኛ የሌለበት ጨዋታ ነው እኮ። ወሬ የማይጠይቅ ነገር ተገኘ፣ ሐጂም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።

ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑን አቃጠለው። ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር፤ የሚያስፈራው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ አበቃለት።

ወንድሜ መርካቶ ወርዶ አዲስ ገዛና ኮራ ብሎ አመጣው። ማሽኑ ካሴታችንን ይቀበላል። ጆይስቲኩ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ጎባጣ፣ ትንሽ፣ ቁልፉ ድርቅ ያለ። አባባ ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡት ይንከባለላል። ሞከሩ፣ ወደቀ። ደግመው ሞከሩ፣ ወደቀ። ገፋ አድርገው ተዉት። የድሮውን ጆይስቲክ እንዳልሰካላቸው መሰኪያው ከአዲሱ ማሽን ቀዳዳ ጋር አይገጥምም።

ሐጂ መጀመሪያ አንድ ቀን ዘለሉ። ቀጥሎ ሁለት፣ ሦስት። «ሱቁ ሰው በዛበት» አሉኝ። ሳሙና ልገዛ ስሄድ በርጩማቸው ላይ ሆነው ዝንብ ሲያባርሩ አይቻቸዋለሁ። አልፈረድኩባቸውም፤ ከማይናገር ወዳጅ ፊት ተቀምጦ መዋል ይከብዳል። ግን ዐስር ሰዓት ሲሆን የአባባ ዓይን በሩ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ያንን ማየት ደግሞ ለኔ ይከብደኛል። ስለዚህ የድሮውን ጆይስቲክ መሰኪያ ቆርጬ ሽቦውን በቀጥታ አዲሱ ማሽን ቦርድ ላይ ልበይደው ወሰንኩ። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ፤ ሬዲዮውም ምድጃውም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። አምስት ሽቦ ምን ያቅተኛል?

ቅዳሜ ጠዋት ፈረቃው የኛ ነበር። የብየዳ ካውያዬን ሰካሁ፣ ማሽኑን በካቻቪቴ ፈታሁት። አዲሱ ጆይስቲክ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን አየሁ፤ ቀዩ እዚህ፣ ጥቁሩ እዚያ፣ ሌሎቹም በየቦታቸው። ጥሩ ነው ብዬ የድሮውን መሰኪያ በጉጠት ቀጭ አድርጌ ቆረጥኩት። ሽፋኑን ስልጠው ከውስጥ አምስት ሽቦ ወጣ። አምስቱም ነጭ።

የማን ሥራ እንደሆነ አልጠፋኝም። አባባ ጤነኛ ሳሉ የተበላሸ ነገር ሁሉ በእጃቸው ባለው ይጠገን ነበር፤ የበሩን ማጠፊያ ከጫማ ሶል፣ የድስቱን ጆሮ ከማንኪያ። የጆይስቲኩን ገመድም አይጥ በልቶት ይሁን አርጅቶ፣ ከየት እንዳገኙት በማይታወቅ ነጭ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ቀይረውታል። መሰኪያውን ሳልቆርጥ የቱ ከየት እንደሚገባ ምልክት ባደርግ ምን ነበረበት! ቀለም አለው ብዬ ተማምኜ ነዋ። ደሜ ፈላ፤ በራሴም፣ በነጭ ሽቦውም፣ በአይጡም።

ጆይስቲኩን ራሱን ከፈትኩና ኃይል የሚያመጡትን ሁለቱን በቴስተር ለየሁ። የቀሩት ሦስቱ ግን እያቀያየሩ ከመሞከር ሌላ መላ የላቸውም። አንድ ሙከራ ማለት ደግሞ ማጥፋት፣ መንቀል፣ መበየድ፣ መልሶ ማብራት ነው። በየድኩ። ጨዋታው መጣ፣ ተጫዋቹ ግን ንቅንቅ አይልም። አቀያየርኩ። ተጫዋቹ ማንም ሳይነካው ሮጦ ሄዶ የሜዳው ጥግ ላይ ተለጠፈ። እንደገና። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። የገዛሁት ሊድ የማይረባ ነው፤ ይቀልጥና ሽቦውን ሳይዝ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። ጣቴን አቃጠልኩ።

በዚህ ሁሉ አባባ ወንበር ስበው አጠገቤ ናቸው። አንዱን ሽቦ ሳነሳ «አይደለም» ይላሉ። ሌላውን ሳነሳም «አይደለም»። ቃሉ ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን በየደቂቃው ጆሮ ሥር ሲነገር ያስበረግጋል።

«ይሄኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፣ መልስ የማገኝ ይመስል።

«አይደለም።»

«ታዲያ የቱ ነው? አንቱ አይደሉ እንዴ የቀጠሉት?»

«አይደለም፣ አይደለም።»

«አባባ፣ በፈጠረዎት ዝም ይበሉልኝ!»

ዝም አሉ። ወዲያው መብራቱም ሄደ። መናገር ላቃተው ሰው ዝም በል ያለች ልጅ ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም፤ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። ማታ ራት ሳቀርብላቸው ያቺ አንዷ ቃል እንኳ አልወጣችም፣ ሳህኑን በእጃቸው ገፉት። እሁድም እንደዚያው ዋሉ። ወንድሜ ከሳሪስ መጣና እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ «ምን አደከመሽ፣ ቀስ በቀስ አዲሱን ይለምዱታል» አለኝ። በወር አንዴ ብቅ ለሚል ሰው ምክር ይቀለዋል። «አንተ እዚህ ዋልና አለማምዳቸው» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

እኔን ደግሞ እልህ ያዘኝ። ሰኞ ከሥራ ገብቼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ካውያውን ሰካሁ። ሦስቱን ሽቦዎች ገና ባልሞከርኩት መንገድ በየድኩና ማሽኑን አበራሁ። የግራውን ቁልፍ ስጫን ተጫዋቹ ወደ ግራ ሄደ፣ ስለቀው ቆመ፣ መምቻውን ስነካው መታ። ደስታም አልተሰማኝም፣ ድካም ብቻ። በነጠላ ጫማዬ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ጌሙ ተሠርቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከበርጩማው ግን አልተነሱም። «ነገ ኢንሻአላህ ብቅ እላለሁ።»

«ነገ መብራት የለንም። ደግሞ አባባ የሚጠብቁት ጌሙን አይደለም፣ እርስዎን ነው።»

ለታላቅ እንዲህ መናገር ነውር ነው። ነውር መሆኑን እያወቅኩ ተናገርኩት፣ ቆሜም ጠበቅኋቸው። ሐጂ ልጃቸውን ጠርተው ተነሱ።

ተጫወቱ። አባባ ጆይስቲካቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ኳሷን እንደ ልባቸው ይነዷታል። ሐጂ ግን የያዙት ያንን አዲስ ጎባጣ ነው፤ ጣታቸው ቁልፉን ሲፈልግ ኳሷ ታልፋቸዋለች። አባባ አገቡ። ደገሙ። ሐጂ ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም፤ ሻያቸውን ቶሎ ቶሎ ጨረሱና ሰዓታቸውን አዩ።

«እንግዲህ ልነሳ፣ መግሪብ ሊደርስ ነው» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። መግሪብ ገና ነበር፤ ፀሐይዋ አልጠለቀችም። በቃ፣ ለዚህ ነው እንግዲህ ጣቴን ያቃጠልኩት፣ ነገም አይመጡም አልኩ በልቤ።

አባባ ጨዋታውን ትተው ጎንበስ አሉ። በግራ እጃቸው አዲሱን ጆይስቲክ ሐጂ ካስቀመጡበት አንስተው ለኔ አቀበሉኝ። ቀጥለው ካርቶኑ ውስጥ የተጋደመውን ሁለተኛውን የድሮ ጆይስቲክ በጣታቸው አሳዩኝ፣ ከዚያ ካውያውን። አልገባኝም አልልም፤ ወዲያው ገባኝ፣ ግን ባይገባኝ በወደድኩ። የዚያኛውም ገመድ በእሳቸው እጅ የተቀየረ ነው።

«ኧረ ተዪው ልጄ፣ እኔ ይሄንኑ እለምደዋለሁ» አሉ ሐጂ።

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። የጠበቅኩት ያችኑ ቃል ነበር፣ እሷም ብትመለስልኝ በቂዬ ነው። ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ተሳበ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

«ለ... ለሱም» አሉ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ፣ በትክክል ሰምቼ እንደሆነ ሊጠይቁኝ። ሰምቻለሁ። እንባዬ ስለመጣ ፊቴን አዙሬ ካውያውን ሰካሁት። እሱ እስኪግል ድረስ ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ።