አፍንጫው የጠፋበት ቡና ቆዪ

ሥራ የጀመርሁ ቀን ከበሮው አጠገብ አልደረስሁም። ከሮቢት በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቆቦ ወረድሁና አስፋልቱ ዳር ካለው የእትዬ ዝናሽ ቡና ቤት ገባሁ። ከፊት ለፊት ጥቂት ጠረጴዛዎችና ጀበና የሚጣድበት ምድጃ ነበር፤ ከጓሮ ደግሞ ከበሮው። ከበሮ የምንለው ቡና የሚቆላበትን የሚሽከረከር በርሜል ነው። ዋናው ቆዪ አያ ሞላ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አፍንጫዬ ሥር አስጠጉ።

«ዓይንህን ጨፍን። ምን ሸተተህ?»

«ጆንያ» አልሁ።

የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም። «እውነትህን ነው፤ እርጥበት አግኝቶት ጆንያው ገብቶበታል። በል ሂድ፣ ለቀማ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀጠርሁ ማለት ነው።

በዚያ ቤት ሥራ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ለቀማ፤ ጠጠሩን፣ ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ ከሰፌድ ላይ ታወጣለህ። ከዚያ ወፍጮ። ከበሮው ዘንድ የሚደርሰው አያ ሞላ «ና» ያሉት ብቻ ነው። እኔን «ና» እስኪሉኝ ስንት ክረምት እንዳለፈ አላውቅም፤ ራያ ላይ ዝናቡ አንዳንዴ ስለሚቀር ዘመንን በክረምት መቁጠር ለውሸት ይዳርጋል።

ከበሮው ፊት አቁመው ያስተማሩኝ ነገር ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። «መጀመሪያ ሣር ሣር ይላል። ቀጥሎ ዳቦ ዳቦ ይላል። ከዚያ ይንጣጣል። ከተንጣጣ በኋላ ያለው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። ዓይን ያታልላል፤ ጢስ አለ፣ ጥላ አለ። አፍንጫ የሌለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ጉልበታቸው ሲደክም ከበሮውን ለእኔ ትተው አገራቸው ገቡ።

ከበሮው እጄ ሲገባ ኩራትም አብሮ ገባ። የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ባገኘሁ ቁጥር ለራሴ ጥቂት ለስለስ አድርጌ እቆላና ያለ ምንም ነገር ባዶውን እጠጣለሁ። ለደንበኛው የምቆላው ግን ሌላ ነው፤ ዋጋው ቀነስ ያለ፣ ሳይታጠብ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ጠቆር ተደርጎ። የቆቦ ሰው ጠቆር ያለ ነው የሚወድ። የጭነት መኪና ሾፌሩ በስኳር ይጠጣዋል። ገበሬው በጨው።

ጨዉ ነበር የሚያናድደኝ። አያ ይማም የሚባሉ የማሽላ ገበሬ በገበያ ቀን ከቤታችን አይጠፉም። የቤቱን ጨው አያምኑትም፤ ከአፋር የመጣ የጨው ስባሪ በጨርቅ ቋጥረው ይይዛሉ። ፍቅፍቅ አድርገው ስኒው ውስጥ ይጨምሩና በጣታቸው ጫፍ ያማስሉታል። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«አያ ይማም፣ ይሄን ያህል የለፋሁበትን ቡና ወጥ አደረጉት እኮ!»

«ወጡንስ ያለ ጨው ትበላለህ እንዴ ሰይዶ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ጣዕም የማያውቅ ሰው አለቃ ሆነብኝ ብዬ እያጉረመረምሁ ወደ ጓሮዬ ተመለስሁ።

እንዲህ ስንኖር፣ ከአስፋልቱ ማዶ አዲስ ካፌ ተከፈተ። ቡናው ከአዲስ አበባ ተቆልቶና ተፈጭቶ በወርቃማ ከረጢት ታሽጎ የሚመጣ ነው። ዋጋው ከኛ ይርቃል። ከረጢቶቹ መስታወቱ ላይ ተደርድረው፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ከአውቶቡስ የሚወርደው መንገደኛ በቀጥታ ወደዚያ ይሄድ ጀመር። የባንክ ቤት ሠራተኞችም ተከተሉ። የኛ ጠረጴዛዎች ሳሱ።

እትዬ ዝናሽ ነገር የምታንዛዛ ሴት አይደለችም። አንዱን ከረጢት ገዝታ መጣችና እጄ ላይ አኖረችው። «ሰይዶ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ይሄ ከኛ የሚበልጥ ከሆነ ከበሮውን ሸጬ የታሸገውን አስገባለሁ። ካልበለጠ ከበሮው ከቦታው አይነቃነቅም። እኔ ምላስህን አምናለሁ» አለችኝ።

በገዛ እንጀራዬ ላይ ዳኛ ሆንሁ። ለነገ ብዬ ከረጢቱን ሳልከፍተው አደርሁ።

በማግሥቱ ትኩሳት ጣለኝ። ኮሮና ይሁን ሌላ ጉንፋን አልተመረመርሁም። ሰንብቼ ስነሳ መጀመሪያ የፈለግሁት ያንን ከረጢት ነበር። ቀደድሁና አፍንጫዬን ከተትሁበት። ምንም የለም። ደንግጬ የኛን ቡና ከፈትሁ፤ ምንም። ጋዝ አሸተትሁ፤ ምንም። ባለቤቴ ዘሀራ ቀልድ መስሏት ሽንኩርት ከትፋ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ሽታ ግን የለም።

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ብላ ሳቀች። አለመሳቄን ስታይ ቢላዋውን አስቀመጠች።

ሁለቱንም ቡና አፈላችልኝ። ሁለቱም ሙቅ ውሃ ነበሩ። ፈራሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዕውር የሆነ ልብስ ሰፊ እንኳ ጨርቁን በእጁ ይዳስሰዋል። እኔ ምኑን ልዳስስ? ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሐኪሙ «ይመለሳል፣ መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ» አለኝ።

ለእትዬ ዝናሽ የዚያኑ ዕለት ነገርኋት። «ዳኛው ታሟል እትዬ። አፍንጫዬ የለም።»

«የሚጠጡት ሰዎችስ?» አለች።

«የሚጠጡት ምን?»

«እነሱ አፍንጫ አላቸዋ! እነሱን እይልኝ።»

እስከዚያው ድረስ ከበሮው ሥራ አልፈታም። በጆሮዬ መቁላት ጀመርሁ። የመጀመሪያው መንጣጣት እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ጎላ ይላል፤ ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ይመስላል። ይህን ሁሉ ዓመት ስሰማው ኖሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዳቦ ዳቦ ማለቱን ለማወቅ ግን ለቃሚዋን ወርቄን እጣራለሁ። «ወርቄ፣ ደረሰ?» ስላት ሰፌዷን ይዛ ትመጣና «ትንሽ ቆየው» ትለኛለች። የበታቼ የነበረችው ሴት አፍንጫ ሆነችኝ።

ፈተናው እንዲህ ነበር። እትዬ ዝናሽ ሁለት ጀበና ታፈላለች፣ አንዱን ከኛ ቡና፣ ሌላውን ከወርቃማው ከረጢት፤ በአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰረች። የቱ የማን እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቃለች። እኔ አስተናጋጅ ሆኜ እቀዳለሁ፤ አደላለሁ ብል እንኳ በምን አውቄ?

መጀመሪያ ወርቃማውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖርን። ያን ቀን ከየትኛውም ጀበና ይቀዳ፣ ሁሉም አመሰገነ። «ይሄማ ሌላ ነው!» ይላሉ። አንዱ ሾፌር ከሁለቱም ጀበናዎች ጠጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እትዬ ዝናሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። በማግሥቱ ከረጢቱን ደበቅነው፤ ሥራውም ያኔ ተጀመረ።

ወገኖቼ፣ ሰው ቡና ሲጠጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ጓሮ ነው የኖርሁት፤ ቡናው ከበሮውን ከለቀቀ በኋላ የት እንደሚደርስ ምን አውቄ። ለካ ፊት ሁሉ የየራሱ ነገር አለው። ከባለ ቀይ ክሩ የቀዳሁለት ሾፌር ስኳሩን በማንኪያ አንስቶ ከስኒው በላይ እንደያዘው ቆመ፤ አንዴ ደግሞ ፉት አለና ስኳሩን መለሰው። ከዚያው ጀበና የቀዳሁላት አንዲት አስተማሪ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። አንድ ጊዜ ፉት አለች፤ እስክሪብቶዋ ቆመ፤ ቀና ብላ የዞብልን ተራራ ማየት ጀመረች። ስኒው እስኪያልቅ አንድም ወረቀት አላረመችም። ያቺ ሴት የቀመሰችውን እኔ አጠገቧ ቆሜ አልቀምሰውም። ቅናት ያዘኝ፤ ደግሞም ደነቀኝ። አንዲት ፍሬ፣ እሳትና ውሃ ሰውን ከተቀመጠበት አንስተው የት እንደሚያደርሱት ሳስብ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አያ ይማም በገበያ ቀን መጡ። ከባለ ቀይ ክሩ ቀዳሁላቸው። ጨዋቸውን ፈትተው ፈቀፈቁ፣ ቀመሱ፣ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ያረቢ! ይሄ ሎሚ ነው ወይስ ቡና?»

ከሌላው ጀበና ቀየርሁላቸው። ጨዉን ጨመሩ። ፉት አሉና ትከሻቸው ወረደ፤ የተሸከሙትን ያስቀመጡ ያህል። ወሬም ወዲያው ተጀመረ፤ የማሽላው፣ የግሪሳው፣ የልጃቸው ሠርግ። ከአጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ጠጋ አሉ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከባለ ቀይ ክሩ አንድ ስኒ ደግሜ ቀዳሁና «አያ፣ ይሄን ደግሞ ለኔ ሲሉ ያለ ጨው» አልኋቸው። እንደ መድኃኒት ተቀበሉኝ። ጠጡ። እንደገና ጠጡ። ወሬው ተቋረጠ።

«ይሄስ ደግ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ራሱ ቡናው ይናገራል። እኔ ግን ቡና የምጠጣ ከሰው ልነጋገር ነው።»

ማዕድ ቤት ገብቼ ጥቂት ብቻዬን ቆምሁ። ጣዕም አያውቁም ያልኋቸው ሰው ሁለቱንም ቡና አውቀው የራሳቸውን መርጠዋል።

ማምሻውን እትዬ ዝናሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እህሳ?» አለችኝ።

«ባለ ቀይ ክሩ የቱ ነው?»

«ውዱ።»

ከበሮው በክፍቱ በር ይታየኛል። «ውዱ ይበልጣል እትዬ» አልሁ። «ባዶውን ለሚጠጣ ሰው ይበልጣል፤ አልዋሽሽም። በጨው ግን ይበላሻል። ለባለጨው የኛው ጥቁሩ ነው። ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለን።»

«ያንን ቡና ጥሬውን ባመጣልህ እንደነሱ አለስልሰህ ትቆላልኛለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አፍንጫ ካለኝ።»

«ከሌለህስ?»

«በጆሮዬ እሞክራለሁ። ወርቄም አለች።»

«ሞክር እንግዲህ። ካልሆነ ገዢ አለኝ» አለችኝ። ማስፈራራቷ አልነበረም፤ ገዢው ከጎብዬ መጥቶ ከበሮውን አይቶት ሄዷል።

ቡናው የታጠበ ነበር፤ ጥሬው መጣ። መጀመሪያ የቆላሁት ጥሬ ቀረ፤ ወርቄ ቀምሳ «ሣር ነው» አለች። ቀጣዩ እሳቱ በዛበትና ጠቆረ። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀነስሁ፣ ጆሮዬን ወደ ከበሮው አስጠጋሁ። መንጣጣቱ ጀመረ፣ ጎላ፣ ከዚያ ዝም ሲል፣ ሁለተኛው ሳይጀምር በመካከል ያለችውን ፀጥታ ጠበቅሁ። «ወርቄ!» «አሁን!» አለች። ገለበጥሁት።

በማግሥቱ ጠዋት እሱ ተፈላ። አስተማሪዋ መጣች፤ ወረቀቷን ዘረጋች። የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ፉት አለች። እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና አለች።

እትዬ ዝናሽም እያየቻት ነበር። ወደ እኔ ዞረችና «ለጎብዬው ሰውዬ ደውዬ ቁርጡን እነግረዋለሁ፤ ከበሮው አይሸጥም» አለች።

ሄጄ የጥሬ ቡናው ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። እሷም ከምድጃው ዳር ከቀረው ጀበና አንጠፍጥፋ ሰጠችኝ። ከጥቁሩ ቡና የተረፈ በረካ ነበር፤ የቀጠነ፣ የቀዘቀዘ፣ አተላ የበዛበት። ለጥም ብዬ ጨለጥሁት።

ሸተተኝ። መጀመሪያ ጢስ። ቀጥሎ የተቆላ ገብስ። ከዚያ ስም የሌለው ነገር ሁሉ ተግተልትሎ መጣ።

«እትዬ! ሸተተኝ!»

«ምኑ?»

«ሁሉም!» አልሁ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ወርቄ እልል አለች፤ አስተማሪዋ ምን ሆናችሁ ብላ ተነሳች። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። አልሐምዱሊላህ፣ በኋላ ጥቂት በጥቂት ተመለሰልኝ።

አሁን እኔም እንደ አያ ሞላ ሥራውን ትቻለሁ፤ ከበሮው በወርቄ እጅ ነው። ለስላሳውንም ጥቁሩንም ትቆላለች። ወጣት ቆዪዎች ሲያገኙኝ ውድ ቡና ይበልጣል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። በደንብ ከተቆላና ባዶውን ከተጠጣ፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እኔ ግን ከዚያ ቀዝቃዛ በረካ የሚበልጥ ጠጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ቡናውን ከመቁላታችሁ በፊት ማን እንደሚጠጣው ጠይቁ።