ዛሬ ከወንድሜ ዓይን የወጣው ብረት

ዛሬ ሐኪሙ ከታላቅ ወንድሜ ዓይን ውስጥ የብረት ስባሪ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ጓሮው ባለችው ወርክሾፕ ለበር የሚሆን ብረት ሲቆርጥ ነው የገባበት። መነጽሩስ? ግንባሩ ላይ! ሰውዬው የሚያየው በግንባሩ ይመስል።

ያንገበገበኝ ደግሞ የአባታችንን ነገር እያወቀ መሆኑ ነው።

አባባ በደርግ ጊዜ ቢቸና እቤታቸው ብረት ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን አናቱ በመዶሻ ምት ብዛት የተሰነጣጠቀ መሮ ሲመቱ ስባሪው ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። መኪና እስኪገኝ ሁለት ቀን ጠብቀው ለሕክምና ሞጣ ደረሱ፤ ዓይናቸው ግን አልተረፈም።

ያኔ የሥራ መነጽር ቢፈልጉም አያገኙም። ከዚያ ወዲያ የመሮውን አናት በሞረድ ሳያስተካክሉ ሥራ ጀምረው አያውቁም።

ከክሊኒክ ተመልሰን ወርክሾፑ እንደገባን ወንድሜ አንድ ዓይኑ ታሽጎ፣ «የቀረችው አንዲት ቁራጭ ናት፤ በአንዱ ዓይኔ እጨርሳታለሁ» አይለኝም!

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ በአንድ ዓይን እንዴት እንደኖሩ አይተሃል» አልኩት። እሱ ግን እጁን ወደ መቁረጫ ማሽኑ ሰደደ።

ከሶኬት ነቅዬ ይዤው ሄድኩ። መቁረጫ ማሽኑ አሁን እኔ ቤት አልጋ ሥር ነው።

እንዲህ ያለ ግትር ዘመድ ያላችሁ፣ በምን እንዳሳመናችሁት እስኪ ንገሩኝ።